ሁሉም «1780» የሚሉ ብሮች

አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ አንዲት እናት አንገታቸው ላይ ያለውን ጠገራ ብር ለመሸጥ ቢያስቡ፣ ዋጋውን የሚነግሯቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንጥረኛው ይመዝነዋል፤ 28 ግራም ገደማ፣ ከዚያ ውስጥ 23.4 ግራሙ ንጹህ ብር ነው፤ ለእሱ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ከጎንደር የመጣው የቅርሳ ቅርስ ነጋዴ ጠርዙን ይዳብሳል፣ በብሩ ላይ የተቀረጸውን ንስር የጅራት ላባ ይቆጥራል፣ በተቀረጸችው ሴት ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ያያል፤ ክር የገባበት ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱን ያጨማድዳል። ልጃቸው ደግሞ «የእምዬ ነው፤ አይሸጥም» ይላል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ነው። ታዲያ ዋጋው የቱ ላይ ነው ያለው?

ብሩን ራሱን መጠየቅ አያዋጣም። ባለ ሁለት ራሱን ንስር ከከበበው ጽሑፍ መጨረሻ 1780 የሚል ዓመት አለ። መልካቸው ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየናም ሆነ በሮም፣ በለንደንም ሆነ በቦምቤይ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። የገበያው ሰው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልምና። የዘውዷን ዕንቁ እየቆጠረ፣ የትከሻዋን ጌጥ እያየ፣ የደበዘዘውን እየመለሰ ነበር የሚገበያየው።

እንግሊዞች በ1867 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ሲነሡ ቪየና ላይ 500,000 ጠገራ አስመቱ። መንገድ ላይ ለሚገዙት እህልና ሣር፣ ለሚከራዩት ከብት የሚከፈለው በዚሁ ነበር። በ1935 ሙሶሊኒ መምቻውን ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ወሰደና ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ፤ በዓመቱ ጦሩ ጎንደር ገባ። በ1940 እና በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ቦምቤይ ላይ አስመቱ። በእነዚያው ዓመታት ከሱዳን ወደ ጎጃም የዘለቀው፣ በእንግሊዛዊው መኮንን ሳንድፎርድ የተመራው ቡድን ከአርበኞች ጋር ሲገናኝ ጠገራ ብር ጭኖ ነበር።

እንግዲህ ወራሪው የከፈለው ብርና አርበኛውን ያበላው ብር አንድ መልክ፣ አንድ ክብደት፣ አንድ ዓመት ነው ያላቸው። ሁለቱን እጅ ላይ አስቀምጦ የቱ የማን እንደነበር መለየት አይቻልም። አዋቂ ሰብሳቢ በላባና በጠርዝ የተመታበትን ከተማ ሊለይ ይችል ይሆናል፤ በማን እጅ እንዳለፈ ግን ላባው አይናገርም። አንዱን ከሌላው የሚያስበልጠው ነገር ብሩ ውስጥ የለም።

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «የሚያስወድደው ማነሱ ነው» የሚል ነው። እውነት አለው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ለልጆች ከማስቲካ ጋር የቤዝቦል ተጫዋቾች ካርድ አወጣ። ሳይሸጥ የቀረውን ክምር በ1960 በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ጣለው። ከተረፉት አንዷ፣ የሚኪ ማንትል ካርድ፣ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ወደ እኛ ስንመለስም ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ላይ ያስመቱትን የራሳቸውን ብር ገበሬው አልወደደውም፤ ማሪያ ቴሬዛን እንደያዘ ቀረ። ዛሬ በሰብሳቢ ዘንድ የምኒልክ ብር ከተለመደው ጠገራ ይወደዳል። ገበያ የገፋውና ባሕር የበላው ነው ኋላ የተከበረው።

ሆኖም ማነስ ብቻውን በቂ አይደለም። አምባ ጊዮርጊስ ላሉት እናት አያታቸው የሰጧቸው ብር በዓለም አንድ ነው፤ ከእሱ የሚያንስ የለም። ነጋዴው ግን ስለተበሳ ዋጋውን ይቀንሳል። የካርዱ ገበያ እንዲህ ያለውን ፍርድ በግልጽ አውጥቶታል፦ ካርዶቹ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ተሰጥቷቸው ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋሉ፤ ከፍተኛውን ነጥብ የምታገኘው ልጅ ያልተጫወተባት፣ ኪስ ያልገባች፣ ጥግዋ ያልታጠፈ ናት። የልጅ መጫወቻ ሆና ተሠርታ፣ ልጅ ስላልነካት ትከብራለች። ጠገራውም እንዲሁ ነው፤ ሰርግ ያየው፣ ከማተብ ጋር የከረመው፣ በላብ የደበዘዘው ተቀጥቶ፣ ሣጥን ውስጥ የተረሳው ይሸለማል። ሰብሳቢው ታሪክ እገዛለሁ ይላል፤ የሚከፍለው ግን ታሪክ ላልደረሰበት ዕቃ ነው። ይህ ስሕተት ባይባል እንኳ ግብዝነት አለበት።

ሰብሳቢው መከራከሪያ አለው፤ ቀላልም አይደለም። ቀዳዳ በዓይን ይታያል፣ ታሪክ ግን በአፍ ይፈጠራል። «ይህ ከመቅደላ የተረፈ ነው» ብሎ ለቱሪስት መሸጥ የማይችል ነጋዴ የለም፤ ብርን አስመስሎ ከመምታት ወሬን መምታት እጅግ ይረክሳል። ማስረጃ የሌለው ታሪክ ገበያ ላይ ዋጋ ባይኖረው አይገርምም።

ስለዚህ ጉዳዩ የማስረጃ ነው፤ ማስረጃውም እያለቀ ነው። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከሕጋዊ መገበያያነት ወረደ፤ ብዙው አንጥረኛ እሳት ውስጥ ገብቶ መስቀልና ቀለበት ሆኗል። የቀረውን የሚያውቁት ደግሞ እያረፉ ነው። ቤታችሁ ጠገራ ብር ካለ፣ ከመሸጣችሁም ሆነ ከማስቀለጣችሁ በፊት እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁ፦ ማን ሰጠሽ? ለምን? ማን በሳው? መልሱን ቀን ጨምራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ከብሩ ጋር አስቀምጡት።