አዝመራን ስለ መጠበቅና ለወፎች ስለ ማዘን

ምስጋና ፍጥረትን ሁሉ ለፈጠረ፣ ለእያንዳንዱም ሲሳዩን ለወሰነ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

አንባቢ ወንድሜ ሆይ! በደሴ ሰኞ ገበያ ማሽላ ስትሸምት፣ ያ እህል ከወፍ የተረፈ መሆኑን አስበህ ታውቃለህን? ግሪሳ የሚባለው ወፍ ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው፤ በቀን የሚበላውም 10 ግራም ያህል ነው። ነገር ግን መቶ ሺህ ሆኖ በቆላው እሸት ላይ በወረደ ጊዜ በአንድ ቀን 10 ኩንታል ያጠፋል። ስለዚህ የገበሬው ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ የልጆቹን ጉርሻ መጠበቁም ግዴታው እንጂ ኃጢአት አይደለም።

ጥያቄው፦ እንዴት ይጠብቅ? የሚል ነው። ዑለማዎች ጉዳት የሚያደርስን ነገር ሲከላከሉ ከቀላሉ መጀመር ይገባል ብለዋል። በጩኸት የሚመለሰውን መምታት፣ በመምታት የሚመለሰውንም መግደል አይገባም። እንግዲህ ማማ ላይ ወጥቶ መጮኽ፣ ጅራፍ ማጮኽ፣ ከጎረቤት ጋር በአንድ ወቅት መዝራት፣ የደረሰውንም ሳይዘገዩ በደቦ ማጨድ መልካም ሥራ ነው። መግደል ግድ ቢሆን እንኳ ሳያሠቃዩ መሆን አለበት፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመግደልም ጊዜ ማሳመርን አዘዋልና።

ልጅህ ጫጩት ከጎጆ አውጥቶ፣ እግሯን በክር አስሮ ሲጫወትባት ስታይ ግን ዝም አትበል። ኢብን ዑመር ወፍ አስረው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን ባገኙ ጊዜ፣ ነቢዩ ነፍስ ያለውን ዒላማ የሚያደርገውን ሰው እንደ ረገሙ ነግረዋቸዋል። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ክንፏን እያርገበገበች በመጣች ጊዜም፣ ልጆቿን እንዲመልሱላት ነቢዩ ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

እህልን በመርዝ ለውሶ መበተንማ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። መርዝ አጥፊውን ከንጹሑ አይለይም፤ ርግቧንም፣ የጎረቤትህንም ዶሮ፣ የሞተውን ወፍ ያነሣውንም ሕፃን ይጎዳል። በአውሮፕላን መድኃኒት በተረጨ ጊዜም የወደቀውን ወፍ ለቅሞ መብላት ክልክል ነው፤ ሳይታረድ የሞተ በክት ነውና፣ ነፍስንም ለመርዝ ማጋለጥ ነውና።

የምትችለውን ያህል ከጠበቅህ በኋላ ወፍ ቢበላብህ አትዘን። ሙስሊም ከዘራው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢዩ አስተምረዋል። ከጎተራህ የጎደለው በመዝገብህ ላይ ይገኛል።

አላህ አዝመራችንን ይጠብቅልን፤ ልባችንንም ከጭካኔ ያንጻልን። አሚን።