ቁልፉን የሰጠ እጅ

ሰው ባልነዳው መኪና ለደረሰ ጉዳት መክፈሉ ፍትሕ ነውን? ጥያቄው ለዳኞችና ለጠበቆች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገሩ ግን ቁልፍ ያለው ሁሉ፣ ዘመድም ያለው ሁሉ የሚገባበት ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር ማዋስ ከደግነት አልፎ እንደ ግዴታ ይቆጠራል። የወንድሙ ልጅ ለእርሻ በሬ፣ ለሠርግ በቅሎ ሲጠይቀው «አይሆንም» የሚል አጎት ስሙ ይከፋል። ዛሬ በበሬውና በበቅሎው ጎን ባጃጁና አይሱዙው ቆመዋል፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እንዲሉ፣ ቁልፉም በዘመድ እጅ ይዞራል።

እንግዲህ አንድ የነፋስ መውጫ ነጋዴ የመድን ውሉ ያለቀበትን አይሱዙ ለወንድሙ ልጅ ሰጠ እንበል። ልጁ በጉና ትከሻ ላይ ወደ ደብረ ታቦር ሲያቀና አንድ ገበያተኛ ገጭቶ ገደለ። ሟች ሚስትና ልጆች አሉት። ነጂው ግን ከለበሰው ጋቢ በቀር ሀብት የለውም። ማን ይክፈል?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መልሱን አስቀምጧል፤ የተሽከርካሪው ባለቤት ኃላፊ ነው። የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ አይድንም። ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ ካልሆነ በቀር፣ ባለቤቱ ነጻ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው።

የኅሊና ፈተናው እዚህ ላይ ይጀምራል። «አልፈቀድኩለትም» ማለት አጎትዬውን አያድነውም፤ «ሰረቀኝ» ማለት ግን ያድነዋል። ንብረቱን ለማትረፍ የወንድሙን ልጅ ሌባ ማሰኘት አለበት ማለት ነው። በገዛ እጁ ቁልፉን የሰጠ ሰው እንዲህ ብሎ ቢምል ሁለት ሰው ይበድላል። አንዱን ባልሠራው ወንጀል ያስጠይቃል፤ የሟችን ልጆች ደግሞ ካሣ ያስቀራል።

«ታዲያ ሕጉ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታቱ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ቅጣትና ካሣ ይለያያሉ። በሰው መግደል ወንጀል የሚከሰሰው ነጂው ነው፤ የአጥፊውን እስራት አጎቱ አይታሰርለትም። ከባለቤቱ የሚፈለገው ዕዳ ነው። ያ መኪና እህል ጭኖ ሲመለስ ትርፉ የገባው በእርሱ ኪስ ነበር። ትርፉን የወሰደ አደጋውንም ቢሸከም ምን ያስገርማል? ገበያተኛው ግን ከትርፉ አልተካፈለም፤ ነጂውንም አልመረጠም።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ተዋጊ መሆኑ የታወቀ በሬ ሰው ሲገድል፣ አስቀድሞ ተነግሮት ያልጠበቀውን ባለቤት ይጠይቃል። በደም ዕርቅም ቢሆን ያልገደለ ዘመድ ለካሣው ያዋጣ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለከብት ባለቤት አንድ መውጫ ትቶለታል፤ የራሱ ጥፋት ከሌለበት፣ ጉዳት ያደረሰውን የቤት እንስሳ ለተጎጂው አስረክቦ መገላገል ይችላል። የተጨማደደ አይሱዙ አስረክቦ መገላገል ግን የለም።

መኪና ተዋጊ በሬ መሆኑን ያልሰማ ማን አለ? ስለዚህም ነው በ2000 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 559 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው፤ በ2005 ዓ.ም ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። የ2000ው አዋጅ ለሞት ካሣ ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። የአንድ አባወራ ነፍስ በዚህ አይተመንም፤ ያም ሆኖ ከባዶ እጅ ይሻላል። ሕጉ የከለከለው ደግሞ ያለ መድን መንዳትን ብቻ ሳይሆን ማስነዳትንም ነው። መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው የሚደርስ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ይህ ግን ለተጎጂው የታሰበ እንጂ ባለቤቱን ከዕዳ የሚያወጣ አይደለም።

እንግዲያው የአጎትዬው ጥፋት የወንድሙ ልጅ መሪውን በሳተበት ደቂቃ አልተሠራም። የተሠራው ውሉ አልቆ ሳያድስ ቁልፉን በዘረጋበት ዕለት ነው። መሪው በሌላ ሰው እጅ ነበር፤ መድኑ ግን በእርሱ እጅ ነበር።

ዕድር የሚገባ ሰው ነገ እንደሚሞት አውቆ አይደለም፤ ሬሳው በጎረቤት ላይ ዕዳ እንዳይሆን ብሎ ነው። የመድን ነገርም ከዚህ አይርቅም። ለዘመድ የምናሳየው ቸርነት ስሙን የማናውቀውን ገበያተኛ የሚያስከፍል ከሆነ፣ ቸርነቱ ከእኛ ኪስ አልወጣም። «ውሉ እስኪታደስ ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ይቆይ» ያለ አጎት ንፉግ ሊባል አይገባም። ሐሜቱን ችሎ የማያውቀውን ሰው ጠብቋልና።