ሟች የዋለው ውለታ

መጠጥ ጉበቱን የጨረሰበት ሰው የሟች ጉበት ሲሰጠው ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ይገባዋል ወይ? በ1991 እ.ኤ.አ. አልቪን ሞስና ማርክ ሲግለር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ጉበት ለሁሉም ስለማይዳረስ በመጠጥ የታመሙት ከወረፋው ኋላ ይሁኑ ሲሉ ተከራክረዋል። ብዙ ሆስፒታሎችም ስድስት ወር ከመጠጥ ያልታቀበን ሕመምተኛ አይመዘግቡም ነበር። ዳሩ ግን በ2011 በታተመ የፈረንሳይና የቤልጅየም ጥናት፣ ይህን ሳይጠብቁ ንቅለ ተከላ ከተደረገላቸው 26 ጽኑ ሕሙማን 77 በመቶው ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ካልተደረገላቸው መሰሎቻቸው የተረፉት 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ኋላ ወደ መጠጥ የተመለሱት ሦስት ነበሩ። ጥፋት የሚመዘነው እየሞተ ባለ ሰው ላይ ከሆነ ፍርዱ የሞት ፍርድ ነው፤ ይህን ሥልጣን ደግሞ ለሐኪም የሰጠው የለም።

ጥያቄው በሐኪሞች ዘንድ ቢለዝብም በዳነው ሰው ልብ ውስጥ አይለዝብም። የአካል ንቅለ ተከላን ለዓመታት ያጠኑት ሬኔ ፎክስና ጁዲት ስዌዚ የአካል ስጦታ ተቀባዩን እንደ ጨቋኝ ገዥ ሊጫነው እንደሚችል ጽፈዋል፤ ሰጪው ሞቷልና ውለታው አይመለስለትም። የማይመለስ ውለታ ያሸሻል፤ ጠጪ የነበረ ሰው ወዴት እንደሚሸሽም የታወቀ ነው። ሐኪሙ ደሙን ይመረምራል፤ ቤተሰቡ ይሳሳለታል (ይጠረጥረዋልም)፤ የንስሐ አባቱ ኑዛዜውን ይሰማሉ። በእነዚህ ሁሉ ፊት ግን እሱ ተቀባይ ብቻ ነው። ሰጪ የሚሆነው ተራው ለደረሰው ሌላ ሕመምተኛ ነው። በ1935 መጠጥ ያቆመው አሜሪካዊ ቢል ዊልሰን በአክሮን ከተማ መጠጥ ሊያሸንፈው ሲል ሌላ ጠጪ ፈልጎ ዶክተር ቦብ ስሚዝን ያገኘው፣ ሌላውን መርዳት ራሱን እንደሚያቆመው ስለተረዳ ነበር። ከዚያ ግንኙነት የተወለደውን፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን ማኅበር የሚመለከቱ 27 ጥናቶችን ያሰባሰበ የ2020 ግምገማም፣ ከመጠጥ ፈጽሞ በመታቀብ ረገድ ወደ ማኅበሩ የሚመራው ሕክምና ከሌሎች የተሻለ ሆኖ አግኝቶታል። ጥናቶቹ በንቅለ ተከላ ታካሚዎች ላይ ያተኮሩ አይደሉም፤ ሱሱ ግን ያው ሱስ ነው።

ዕውር ዕውርን ይመራል ወይ የሚል ይኖራል። እግር ኳስ ተጫዋቹ ጆርጅ ቤስት በ2002 ጉበት ተተክቶለት ዳግም ጠጥቶ በ2005 ሞቷል፤ የወደቀ ሌላውን ይዞ ሊወድቅም ይችላል። እውነት ነው፤ ስለዚህም መድኃኒቱንና መጠኑን መወሰን የሐኪም ብቻ ይሁን። የውድቀትን መንገድ በእግሩ የሚያውቅ ሰው ግን የመጀመሪያውን ውሸት ከሐኪሙ ቀድሞ ይሰማል። «ለሌላው ማሰብ ሳይሆን ራስን ማዳን ነው» ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፤ ሁለቱም ከዳኑ ምን ከፋ? ንቅለ ተከላ የምትሠሩ ሆስፒታሎች፣ ታካሚውን ስታሰናብቱ ከመድኃኒቱና ከቀጠሮው ጋር በዚህ መንገድ ቀድሞት ካለፈ ሰው ጋር አገናኙት።