«ተሻለው» እና «ዳነ»

ሊያድነው የሚችል ሕክምና የጀመረ ሕፃን በመሃል አቋርጦ ቢሞት ተጠያቂው ማን ነው? ብዙዎቻችን ፈጥነን ጣታችንን የምንቀስረው በወላጁ ላይ ነው። «ባላገር ነው፤ አይገባውም» እንላለን። ይህ ፍርድ የተጣደፈ ይመስለኛል።

ውድ አንባቢያን! እስቲ አንድ የቦረና አባት እናስብ። ልጁ ገርጥቷል፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏል፣ ድዱ ይደማል። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል። የደም ካንሰር መሆኑ ይነገረዋል። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳቱ ይጠፋል፤ ልጁ መብላትና መሣቅ ይጀምራል። በሬው ተሸጧል፣ እርሻው ጦሙን አድሯል፣ ስንቁም አልቋል። ታዲያ አባት «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ዳነ» ብሎ ወደ አገሩ ቢመለስ ምን ይገርማል? በሽታው ግን ተደበቀ እንጂ አልጠፋም። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚፈጀው ይህን የተደበቀውን ለማጥፋት ነው።

አማርኛችን «ተሻለው» እና «ዳነ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ሰርዶ ከላይ ቢታጨድ ከሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ እንደሚበቅል ያ ገበሬ ከማናችንም በላይ ያውቃል። የጎደለው የማስተዋል ችሎታ ሳይሆን በዚሁ በሚያውቀው ቋንቋ የሚነግረው ሰው ነው። «ኬሞ»፣ «ፕሮቶኮል» ሲባል ሰምቶ፣ መጠየቅ አፍሮ፣ ራሱን ነቅንቆ ወጥቷል።

እርግጥ ነው፣ ያወቀም ወላጅ ገንዘብ ያጣል፤ መድኃኒትም ይጠፋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው 100 ልጆች ከ80 በላይ ሲድኑ፣ በብዙ ድሆች አገሮች የሚድኑት ከ30 ያንሳሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዕቅድ ይህን በ2030 ወደ 60 ለማድረስ ያለመው ዘግይቶ መምጣትንና ሕክምና ማቋረጥን ጭምር በመታገል ነው። በአገራችንም ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበርን፣ የታመሙ ልጆች ወላጆችም በ2013 ተስፋ አዲስን አቋቁመዋል። ሐዘናቸውን ለሌላው ወላጅ መጠለያና ዕውቀት አድርገውታል።

«የመጣው ከአላህ ነው፤ ዱዓ ይበቃል» የሚልም አይጠፋም። ዱዓ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከነተከታዮቻቸው ተመልሰዋል። ከአላህ ውሳኔ እየሸሹ እንደሆነ ሲጠየቁም፣ ከአንዱ ውሳኔው ወደ ሌላው ውሳኔው መሄዳቸው መሆኑን አስረድተዋል። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አያስወጣም። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሳይነገረው የቀረ ሰው ባለማወቁ ይቅር ይባላል። እያወቀ ያልነገረ ግን በምን ያመካኛል? ዕውቀት አማና ነው። ሐኪሙ «ገባዎት?» ብሎ ከማሰናበት ይልቅ «ቤት ሲገቡ ለእናቱ ምን ብለው ይነግሯታል?» ቢል፣ የተረዳውንና ያልተረዳውን በአንድ ጊዜ ይለያል። የመስጊድ ኢማሞች፣ የወዳጃ ታዳሚዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ድርሻ አላቸው። የልጅ ዓይን ብሌን ነጭ ሲያንጸባርቅ፣ ሆዱ ላይ እብጠት ሲዳሰስ፣ መንጋጋው ሲያብጥ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት መናገር ምን ያህል ይከብዳል?

«ያላወቁ አለቁ» ይላል ተረታችን። ያለቁት ግን ያወቁት ዝም ስላሉም ጭምር ነው። ወላሁ አዕለም።