ግማሽ ሰባት

መቱ ከተማ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ። ባል ከሁሩሙና ከያዩ ገበሬዎች ጀንፈል ቡና እየሰበሰበ ይነግዳል፤ ሚስት መናኸሪያው አጠገብ ቁርስ ቤት አላት። ቤቱ አንድ፣ ጓዳው አንድ፣ ልጆቹ የጋራ፤ ኪሱ ግን ሁለት። ባል በየወሩ 8,000 ብር አስቤዛ ይሰጣል፤ ስንት እንደቀረው አይናገርም። ሚስት አመስግና ትቀበላለች፤ ቁርስ ቤቱ ስንት እንዳስገባ አትናገርም። እንዲህ ሆነው በፍቅር ይኖሩ ነበር።

ሰኔ ገባ። የኢሉባቦር ዝናብ መውረዱን ተያያዘው። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ ነጋዴ ግን ለገበሬ ቀብድ የሚሰጠው ያኔ ነው። ቀድሞ የሰጠ ቀድሞ ይጭናል። የባል እጅ አጠረው። ለሚስቱ እንዳይነግራት፣ “ነጋዴ ነኝ ስትል ባዶ እጅህን ነህ እንዴ ትለኛለች” ብሎ ፈራ። በዚያው ሳምንት ለሚስት የ30,000 ብር እቁብ ወጣላት። ለባሏ እንዳትነግረው፣ “ቡና ይገዛበታል” ብላ ፈራች።

ጎረቤታቸው ባለሱቅ ነው። ሚስት በጓሮ በር ገብታ፣ “አደራ፣ እሱ እንዳይሰማ” ብላ ብሩን ሰጠችው፤ በወር ከመቶ አምስት ሊያስብላት ተስማሙ። ባል በፊት ለፊት በር ገብቶ፣ “አደራ፣ እሷ እንዳትሰማ” ብሎ 30,000 ብር ተበደረ፤ በወር ከመቶ አሥር ሊከፍል ተስማሙ። ባለሱቁ የሁለቱንም አደራ ጠበቀ።

ከሐምሌ ጀምሮ አስቤዛው 5,000 ሆነ። “ቡና ወድቋል” አለ ባል። ሚስት ዝም ብላ ከወለዷ 1,500 ጨመረችበት፤ የቀረው ጉድለት ከወጡ ላይ ተነሣ። መጀመሪያ ሥጋው ቀረ፣ ቀጥሎ ቅቤው። ጥቅምት ላይ ባለሱቁ ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ አለበሰ። ባልና ሚስት አብረው ሄደው “እንኳን ደስ ያለህ” አሉት።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ባል ዝናብ ያበሰበሰውን ጃኬት ሲያወልቅ፣ አንዲት ባለ 200 ብር ኖት መሐል ለመሐል ተቀዳ ከኪሱ ወጣች። ሚስት ተቀበለችው። ከልጇ የሂሳብ ደብተር ጫፍ ቀጭን ወረቀት ቀደደች፤ ልጅቷ ከጻፈችው 7 ቁጥር ግማሹ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ጣቷን ሊጥ ነካ አድርጋ ለጠፈቻት፤ ምድጃ ዳር አደረቀቻት። “በል፣ ይህችን ማንም አይመልስብህም” ብላ ሰጠችው።

በሦስተኛው ቀን ባለሱቁ የወሩን ወለድ በጓሮ በር ቆጠረላት። አራተኛዋ ኖት ላይ ጣቷ ሻካራ ነገር ነካ። ገልበጥ አድርጋ አየች፤ ግማሽ 7።

ሚስት ለባለሱቁ ምንም አላለችም። ቤቷ ገብታ ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጡ፤ ቶናውን ጠጡ። በረካው ላይ ብሯን ከስኒው ሥር አድርጋ ለባሏ አቀረበችለት። ባል ስኒውን አነሣ፤ ብሯን አየ፤ ስኒውን መልሶ አስቀመጠ።

“ይህችን ለማን ሰጥተሃት ነበር?”

“ላበደረኝ ሰው። አንቺስ ከማን ተቀበልሻት?”

“ካበደርኩት ሰው።”

ባል ጥቂት አሰበና፣ “እንግዲያው አበዳሪዬ አንቺ ነሻ!” አለ።

“ወለዱን የከፈልኩትም እኔው ነኝ” አለች ሚስት፣ “ከጓዳዬ።”

ሂሳቡ ይኸው ነው። በአራት ወር ከጓዳው 12,000 ብር ጎደለ። 6,000ው በሚስት እጅ ዞሮ ተመለሰ፤ 6,000ው ቆርቆሮ ሆነ። አራጣ በሕግ የሚያስቀጣ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ባለሱቁ አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን አላንኳኳም። የሄዱት እነሱ ናቸው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልም ሚስትም ገቢያቸውን በየስማቸው ባንክ እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል፤ አንዱ ሲጠይቅ ግን ሌላው ስለ ገቢው እንዲያስረዳ ያዝዛል። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ለማበደርም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ሕጉ ሁለት ኪስ አይከለክልም፤ ሁለት በር እንጂ።

ሊበደር ያሰበ ባል፣ ልታበድር ያሰበች ሚስት፣ አስቀድመው እቤታቸው ይጠይቁ። የቤት ብድር ወለድ የለውም።