ወርቅ የወጣበት አገር

ሰው ሀብትን ሲያስብ የሚታየው በእጁ የያዘው ነው እንጂ የወጣበት ጕድጓድ አይደለም። ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንድ ጥያቄ ላቀርብልህ እወዳለሁ፤ ይኸውም፦ ከምድር ወርቅ ያወጣ ሰው ወርቁ ለወጣበት አገር ሰዎች ዕዳ አለበትን? የሚል ነው።

እኔ የምኖረው በአዲስ አበባ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። በሰፈራችን ወርቅ አይቈፈርም፤ ነገር ግን በየሠርጉ ቀለበት ሲጠለቅ አያለሁ። ማማሩን የማያደንቅ የለም፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በጉጂ ምድር፥ አዶላ የሚባል አገር አለ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ወርቅ ዋና ምንጭ ይህ ስፍራ ነበረ። የወንዝ ዳር ጠጠር እየተቈፈረ በውሃ ይታጠባል፤ ወርቅ ከውሃ 19 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፥ አሸዋው ሲፈስ እርሱ ከገበታው ሥር ይቀራል። ሥራው በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ ወገቡን አጕንብሶ ለሚውለው ግን ቀላል አይደለም። ከሩቅ አገር ሠራተኛው መጣ፤ ሠራተኛውን ነጋዴው ተከተለ፤ ከተማም ሆነ። የከተማው ስም ክብረ መንግሥት ተባለ፤ ስሙም ክብሩ ለማን እንደ ሆነ ራሱ ይናገራል።

ኋላም በአቅራቢያው በለገደንቢ ዐለቱን ፈጭቶ ወርቁን በሳያናይድ ማሟሟት ተጀመረ፤ ማዕድኑም ከመንግሥት ወደ ግል ኩባንያ ተዛወረ። በ2010 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ፦ ጤናችንና ከብቶቻችን ተጐዱ ብለው ስለ ተነሡ ፈቃዱ ታገደ፤ ከዓመታትም በኋላ ሥራው እንደገና ተቀጠለ።

አሁን ሌላ አገር እንመልከት። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ቦዲ የምትባል ከተማ ነበረች። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ወርቅ ተገኘባት፤ በ1880 ገደማ ብዙ ሺሕ ሰው ሞላባት፤ ወርቁ ሲያልቅ ሕዝቡ ተበተነ። ዛሬ ባዶ ቤቶቿን ጐብኚ ያያቸዋል እንጂ የሚኖርባቸው የለም። ወርቅ ፈላጊ በወርቅ መጥቶ ከወርቅ ጋር ይሄዳል። የጉጂ ሰው ግን ከወርቁ በፊት በዚያ ነበረ፤ ከወርቁም በኋላ በዚያው ይኖራል። ከብቱ፥ ቡናው፥ ማሩ፥ የገዳ ሥርዐቱ በዚያው ነው። እንግዲህ የተቈፈረው ጕድጓድና የደፈረሰው ውሃ ለማን ይቀራል? መሄጃ ለሌለው ነው።

አንዳንድ ሰው፦ የምድር ሀብት የመላው ሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም እንዲህ ይላል፤ ታዲያ የአንድ አውራጃ ሰው ምን ልዩ መብት አለው? ይለኛል። ይህ የሚናቅ ቃል አይደለም፤ ወርቅ የበቀለበት ብቻ ይብላው ከተባለ፥ ወርቅ የሌለው አገር ምን ይሁን? ነገር ግን እንጀራው ለሁሉ ሆኖ ጢሱ ለአንዲቱ ጋጋሪ ብቻ ሲሆን፥ ይህን ማካፈል ልንለው አንችልም። ጥቅሙ የጋራ ከሆነ ጕዳቱም የጋራ መሆን አለበት፤ ጕዳቱን መጋራት ካልተቻለ፥ የተጐዳው ይካስ፥ ውሃው ይጠራ፥ ጕድጓዱ ይደፈን።

ደግሞም የቡና ዛፍ ዛሬ ቢለቀም በዓመቱ ያፈራል፤ ወርቅ ግን አንድ ጊዜ ከወጣ አይበቅልም። ስለዚህ የማዕድን ገንዘብ እንደ ደመወዝ የሚበላ ሳይሆን እንደ ጥሪት የሚጠበቅ ነው። ለሚመጣው ትውልድ ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤትና ንጹሕ ውሃ ካልሆነ፥ ያልተወለዱትን ልጆች ሳንጠይቃቸው ርስታቸውን ሸጥንባቸው ማለት ነው።

ወጣት ወገኔ ሆይ፥ አንተ ነገ መሐንዲስ ወይም ሹም፥ ወይም ነጋዴ ትሆን ይሆናል። ማንኛውንም ሀብት ስትቀበል፦ ስንት ያወጣል? ከማለትህ በፊት፦ ከማን ደጅ ወጣ? በዚያስ ደጅ ምን ቀረ? ብለህ ጠይቅ። ወርቅ አይዝግም፤ ስለ እርሱ ያልተከፈለ ዕዳም እንዲሁ አይዝግም።