ፍቅርን በሽታ ያለ ሕግ

ሰውን ከሥቃይ ለማዳን ሲባል የመምረጥ ነጻነቱን መውሰድ ተገቢ ነውን? ፈላስፎች ብዙ የተከራከሩበት ይህ ጥያቄ በዘመናችን ካልተጠበቀ ስፍራ፣ ለአፍላ ወጣቶች ከተጻፉ የፍቅር ልብ ወለዶች ውስጥ እንደገና ብቅ ብሏል። «ዲስቶፒያ» በሚል ስም የሚታወቀው የድርሰት ዘርፍ በውጭ ሲያዩት ሰላምና ሥርዓት የሰፈነበት፣ ውስጡ ግን እስር ቤት የሆነ የወደፊት ኅብረተሰብ ይፈጥራል፤ በዚያም ሁለት ወጣቶች ሕግ ያልፈቀደላቸውን ፍቅር ይጀምራሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የጊዜ ማሳለፊያ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ጠጋ ብሎ ለመረመረው ቁም ነገሩ ያለው በፍቅሩ ታሪክ ሳይሆን ለክልከላው በሚሰጠው ምክንያት ላይ ነው።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሎረን ኦሊቨር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት «ዴሊሪየም» በሜይን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የሚፈጸም ታሪክ ነው። በዚያ ዓለም ፍቅር ገዳይ በሽታ ተብሎ ታውጇል። ማንኛውም ሰው 18 ዓመት ሲሞላው አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከፍቅር «ይድናል»፤ የትዳር ጓደኛም ይመደብለታል። በትምህርት ቤት «ሮሜዎና ዡልየት» የሚጠናው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሊና ያን ቀን የምትጠብቀው በናፍቆት ነው። እናቷ በዚህ «በሽታ» ሳቢያ ራሷን እንዳጠፋች እየተነገራት አድጋለችና፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ቀዶ ሕክምናው ለእርሷ መጠጊያ ሆኖ ይታያታል።

የደራሲዋ ብልኀት እዚህ ላይ ነው። በክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን የሚለያያቸው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትምክህት ነው፤ አባት የሚከለክለው ለራሱ ክብር ብሎ ነው። በ«ዴሊሪየም» ግን ከልካዩ የሚናገረው በሐኪም አንደበት ነው፤ «ለራሳችሁ ደኅንነት ስንል ነው» ይላል። ክርክሩም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ፍቅር ቤት እንደሚያፈርስ፣ ቅናት ደም እንደሚያፋስስ፣ ልቡ የተሰበረ ወጣትም ከትምህርቱ አልፎ ከሕይወቱ ሊሰናከል እንደሚችል መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ይህን የሚክድ የፍቅር ጠበቃ እውነተኛ ጠበቃ አይደለም።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው? ፍቅር ጣፋጭ ስለሆነ ይፈቀድ ማለት አይበቃም፤ የሚጣፍጥ መርዝም አለ። ለብዙ ወጣት ፍቅር ራሱ የሚወስነው፣ የውሳኔውንም ዋጋ ራሱ የሚከፍለው የመጀመሪያው ታላቅ ጉዳይ ነው። ይህን ውሳኔ የተነጠቀ ሰው ከሥቃዩ ጋር ተጠያቂነቱንም ተነጥቋል። ተጠያቂነት የሌለበት ሰው ክፉ ላይሠራ ይችላል፤ ደግ ሊባል ግን አይችልም። በሊና ዓለም ቀዶ ሕክምናው እናት ለልጇ ያላትን ፍቅር ሳይቀር የሚያደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። መውደድን ከፋፍሎ የሚያሳክመውን ብቻ ለመቁረጥ የሚችል ቢላዋ የለም።

አሊ ኮንዲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት «ማችድ» በተባለው ልብ ወለድ ደግሞ ነገሩ ወደ ኪነ ጥበብ ይደርሳል። ገዢው ማኅበር ወጣቶችን በ17 ዓመታቸው ያጫል፤ ሰው በ80 ዓመቱ እንዲሞት ይወስናል፤ ከሰው ልጅ የጥበብ ሀብትም 100 ግጥሞች፣ 100 ዘፈኖችና 100 ሥዕሎች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን አጥፍቷል። ሰዎች በመሣሪያ እንጂ በእጃቸው መጻፍ አያውቁም። ካሲያ የተባለችው ወጣት ከአያቷ የተደበቀ ግጥም ትረከባለች፤ ካይ የተባለውም ወጣት በስውር የእጅ ጽሕፈት ያስተምራታል፤ ፍቅራቸውም በዚያው ያድጋል። ግጥሙና ፍቅሩ በአንድ ሕግ መታገዳቸው በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱንም ሌላ ሰው መርጦ ሊሰጠን ይችላል፤ ሌላ ሰው ግን ስለ እኛ ሆኖ ሊሰማቸው አይችልም።

ሐሳቡ ጥንት አለው። በእንግሊዝኛ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ለኅትመት የበቃው የሩሲያዊው የየቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» የሰው ምናብ በቀዶ ሕክምና የሚወገድበትን አገር ያሳያል። በመጨረሻ ባለታሪኩ ይወዳት የነበረችው ሴት ስትሠቃይ ቁጭ ብሎ ያለ አንዳች ስሜት ይመለከታል። ከራሱ ሥቃይ ድኗል፤ ለሌላው ሥቃይም ዕውር ሆኗል።

ሆኖም የወጣቶቹ ልብ ወለዶች አንድ ጉድለት ይታይባቸዋል። «ዴሊሪየም» የሚያበቃው ሊና የምትወደውን አሌክስን ከኋላዋ ትታ አጥር ተሻግራ ወደ ጫካ ስታመልጥ ነው። ተከታዮቹ ቅጾች ትግሉን ቢያነሡም፣ በአንባቢው ልብ የሚቀረው ሥዕል የሽሽቱ ነው። ሽሽት የራስን ነፍስ ያድናል እንጂ ሕጉን አይሽርም። በዚያችው በአሜሪካ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ያስተምራል። ነጩ ሪቻርድ ላቪንግና ጥቁሯ ባለቤታቸው ሚልድረድ እ.ኤ.አ. በ1958 በዋሽንግተን ተጋብተው ወደ ቨርጂኒያ ቢመለሱ፣ ጋብቻቸው ወንጀል ሆኖ ታሰሩ፤ የ1 ዓመት እስራታቸውም ለ25 ዓመታት ከግዛቱ እንዲወጡ በሚል ግዴታ ታገደላቸው። ወጡ፤ ነገር ግን በዚያው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1963 ሚልድረድ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከዚያ የተነሣው ክርክር እ.ኤ.አ. በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው በሙሉ ድምፅ ተሻረ። ያን ጊዜ ተመሳሳይ ሕግ የነበራቸው 16 ግዛቶች ነበሩ። የሁለት ሰዎች ፍቅር ላልተዋወቋቸው ብዙዎች መብት ሆነ።

እንግዲህ ወጣቱን ማስተማርና ለወጣቱ መጻፍ የእኛ ድርሻ ከሆነ፣ በምክርና በውሳኔ መካከል ያለውን ወሰን መጠበቅ ይኖርብናል። የፍቅርን አደጋ ሳንደብቅ መንገር ተገቢ ነው፤ የመረጠው ነገር ቢያቆስለው ቁስሉን የሚያክም ወዳጅ ሆኖ መገኘትም ተገቢ ነው። ስለ እርሱ ሆነን መምረጥ ግን አንችልም፤ በራሱ መርጦ የማያውቅ ወጣት ነገ ስለ ሌላው ሰው እንዲቆም ቢጠየቅ ከየት አምጥቶ ይቆማል?